ከሌላ ሰው ደም የሚገኝ የመከላከያ ኃይል፤ ለማን ይሰጣል? እንዴትስ ይሰጣል?

በንፋስ መውጫ ከተማና በዙሪያዋ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጅ ሲያስለው «ብርድ መታው» ማለት የተለመደ ነው። የደጋው ነፋስ የታወቀ ስለሆነ አባባሉ አያስደንቅም። ዳሩ ግን አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ የሳንባ ምች ቢይዘው፣ ጆሮው በየጊዜው መግል ቢያወጣ፣ ዕድገቱም ቢጓደል፣ ነገሩን በብርድ ብቻ አመካኝቶ መተው አይገባም። የሰውነቱ የመከላከል ኃይል ደክሞ ሊሆን ይችላልና።

ጤነኛ ሰውነት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚቋቋምበት ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ነገር በደሙ ውስጥ ያዘጋጃል። ሕፃን ይህን ኃይል በመጀመሪያ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ይወርሳል፤ ከተወለደም በኋላ በእንገሩና በጡት ወተቱ ይጨመርለታል። እንገርን አልቦ መድፋት ጎጂ ልማድ የሆነውም ስለዚህ ነው። በማሕፀን የወረሰው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ የራሱን ማዘጋጀት አለበት። ከተፈጥሯቸው ይህን ለማድረግ የማይችሉ ጥቂት ልጆች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በጽኑ ሕመም ይመላለስበት የነበረ የ8 ዓመት ልጅ ደም መርምረው፣ ፀረ እንግዳ አካል የጎደለው መሆኑን አስታወቁ። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውንም በየወሩ ከቆዳው ሥር ቢወጉት ልጁ ተሻለው። በዚያን ዘመን የነበረው ዝግጅት ወደ ደም ሥር ሲገባ ከባድ ጉዳት ያስከትል ስለነበር፣ ለደም ሥር የሚስማማው ኢሚዩኖግሎቡሊን በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።

አንዱ ዝግጅት የሚጣራው ቢያንስ ከ1000 ደም ለጋሾች ፕላዝማ ነው። ስለዚህ ዋጋው ውድ ነው፤ ለሚያስፈልገውም ሰው ብቻ ሊሰጥ ይገባል። ከሕዝባችን ብዙው በደም ሥር የሚገባ ነገር ሁሉ ብርታት የሚሰጥ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። በምግብ እጥረት የደከመ ልጅ የሚያሻው የተመጣጠነ ምግብ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው የነቀርሳውን መድኃኒት፣ ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበትም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ ይገባዋል። ኢሚዩኖግሎቡሊን የእነዚህን ቦታ አይተካም።

ሐኪም በደም ምርመራ አረጋግጦ ሲያዝዘው ግን የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይጠበቃሉ።

አንደኛ፤ መጠኑ በክብደት ይወሰናል። ፀረ እንግዳ አካል ለጎደለው ሰው ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ8 እስከ 12 ግራም ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በ3 ሳምንት ገደማ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ቀጠሮ ማሳለፍ ልጁን እንደገና ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ሁለተኛ፤ ጠርሙሱ በመመሪያው በተጻፈው ቅዝቃዜ ይጠበቃል። የበረደ ወይም የደፈረሰ መድኃኒት አይሰጥም። ጠርሙሱንም አጥብቆ መነቅነቅ ክልክል ነው።

ሦስተኛ፤ በጣም በዝግታ ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይፈጥናል፤ የሕመምተኛው ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይለካል። ቸኩሎ ማፍሰስ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የወገብ ሕመም ያመጣል። ማሳከክ፣ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ነርሷ ወዲያው እንድታቆም መንገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ነው በቤት ውስጥ ወይም ለድንገተኛ አደጋ ባልተዘጋጀ ክሊኒክ ከቶ እንዳይደረግ የምናሳስበው።

አራተኛ፤ ኩላሊትን ሊጎዳና ደምን ሊያረጋ ስለሚችል ሕመምተኛው አስቀድሞ በቂ ውኃ ይጠጣ። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሽንቱ ቢቀንስ፣ እግሩ ቢያብጥ፣ ደረቱን ቢወጋው ወይም ጽኑ ራስ ምታት ቢይዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይመለስ።

አምስተኛ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ይህ መድኃኒት የኩፍኝን ክትባት ለብዙ ወራት ሊያከሽፍ ስለሚችል፣ ካርዱን ለክትባት ሠራተኛው ማሳየት ግዴታ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የትኛው ተማሪ በሕመም ምክንያት ደጋግሞ እንደሚቀር ከማንም ቀድሞ የሚያሳያችሁ የስም መጥሪያ መዝገባችሁ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጆች ጠርታችሁ፣ የታመመባቸውን ወራት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ላኩልን። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሚላክበትን ደብዳቤ ሐኪሙ ይሰጣል። ጆሮና ሳንባ በተደጋጋሚ ሕመም ከተበላሹ በኋላ ምንም መድኃኒት እንደ ቀድሞው አያደርጋቸውምና፣ በጊዜ የተጻፈች አንዲት ወረቀት የአንድን ልጅ ጆሮና ሳንባ ልታድን ትችላለች።