ስለ ባት ጡንቻና ስለ ሥራው

ከጉልበት በታች፥ ከቅልጥም በስተኋላ ያለው ሥጋ ባት ይባላል። ሲዳስሱት አንድ ጡንቻ ይመስላል እንጂ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ከውጭ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ራሶች ከጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ይነሣል። ከሥሩ የተሰወረው ጠፍጣፋው ጡንቻ ግን ከጉልበት በታች ካሉት ከሁለቱ አጥንቶች ይነሣል። ሁለቱም ወደ ታች ሲወርዱ በአንድ ጅማት ተዋሕደው በተረከዝ አጥንት ላይ ይተከላሉ። ከሰው ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ይኸው ነው።

ባት ሲኮማተር ተረከዝ ይነሣል፤ ሰውም ይራመዳል፥ ይሮጣል፥ ይዘላል። ለዝላይ የሚፈጥነው የላይኛው ጡንቻ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። የታችኛው ዝግተኛና ታጋሽ ነው። ቅዳሴው እስኪፈጸም ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚጠብቀው በይበልጥ እርሱ ነው፤ ምስጋናውን ግን ጉልበት ይወስድበታል።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ሥራ አለው። ወደ እግር የወረደው ደም ወደ ልብ ሽቅብ መመለስ አለበት። ባት በተኮማተረ ቁጥር በውስጡ ያለፉትን ደም መላሽ ሥሮች ይጨምቃቸዋል። ደሙም ወደ ታች እንዳይመለስ በሥሮቹ ውስጥ ትናንሽ በሮች አሉ። የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲዩስ ስለ እነዚህ በሮች በ1603 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) መጽሐፍ አሳተመ፤ ነገር ግን የደሙን ቍልቍል መውረድ የሚያዘገዩ መሰለው። ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ መሆናቸውን በ1628 ያስረዳው ደቀ መዝሙሩ ዊልያም ሃርቪ ነው።

ባት ሥራ ሲፈታ የሚደርሰው ጉዳት በ1940 በለንደን ታየ። ሕዝቡ ከአውሮፕላን ድብደባ ሸሽቶ በመጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። የወንበሩ የፊት እንጨት የእግርን ደም ሥር ይጫናል፤ ባቱም አይንቀሳቀስም። ቦምብ ካልነካቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በድንገት ሞቱ። ሐኪሙ ኪት ሲምፕሰን አስከሬናቸውን መርምሮ፥ በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ እንደ ገደላቸው በዚያው ዓመት ጻፈ።

በቢሮ ወይም በረዥም ጉዞ ለሰዓታት የሚቀመጥ ሰው እየተነሣ ጥቂት ይራመድ፤ መነሣት ካልተቻለውም ተረከዙን ደጋግሞ ያንሣ። አንደኛው ባት ብቻ አብጦ፥ ሞቆና አሞት ቢገኝ ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ ወጌሻ ጠርቶ አያሳሽ፤ መታሸት የረጋውን ደም ከስፍራው ሊያላቅቀው ይችላልና። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ግን በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።