ለትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት የሚሆኑ የኤሌክትሪክ መጋዞችና ራውተሮች አመራረጥ

በደሴና በኮምቦልቻ በመኖሪያ ግቢያቸው ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው በር፣ መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ባለሙያዎች ለመሣሪያ ነጋዴው ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ደንበኛው ወደ ሱቅ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ዋጋው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። መሣሪያው በምን ዓይነት የኤሌክትሪክ መስመር እንደሚሠራ፣ ምን ዓይነት እንጨት እንደሚቆርጥና የሚለወጠው ዲስክ ወይም ፑንታ በቅርብ መገኘቱ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ብዙ ዋት ያለው መኪና ለገዢው ኪሣራ፣ ለሻጩም የወቀሳ ምክንያት ይሆናል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው ለአንድ ዶላር የሚከፍለው ብር እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ ያለ ጥናት የታዘዘ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ሲቀር የሚያስረው ገንዘብ ከቀድሞው ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በሁለቱ ከተሞች ባለፈ ጊዜ ንብረቱ ተዘርፎበት ሱቁን እንደገና ላቋቋመ ነጋዴ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይልና የአገሩ ከፍታ

በመኖሪያ ቤት የሚገኘው መስመር ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት የሚፈልገው ትልቅ መኪና መስመሩ ለሌለው ደንበኛ ሊሸጥለት አይገባም። እንዲሁም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራና 120 ቮልት የተጻፈበት መሣሪያ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

2,000 ዋት ያለው መሣሪያ 9 አምፔር ያህል ሲስብ፣ 1,200 ዋት ያለው ግን 5.5 አምፔር ያህል ብቻ ይስባል። ትልቁ መሣሪያ በቀጭንና በረጅም ማስረዘሚያ ገመድ ሲሠራ ገመዱ ይሞቃል፤ ወደ ሞተሩ የሚደርሰውም ቮልት ይቀንሳል። ስለሆነም ሻጩ የገመዱን ውፍረት መጠየቅ አለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮች በዓለም አቀፍ ደረጃ ጉልበታቸው የሚለካው በተለምዶ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ተብሎ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየርም የሞተርን ሙቀት በደንብ አይወስድም። በመሆኑም ሠራተኛው ሞተሩን ሳያሳርፍ ለረጅም ጊዜ ማስጨነቅ የለበትም። ለጄኔሬተር ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህም በደሴ ሩብ ያህሉ፣ በኮምቦልቻም ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ለሚሠራ ደንበኛ ይህን ልዩነት አስቦ መሸጥ ይገባል።

መጋዝ

ለጀማሪ ሥራ ቤት መጀመሪያ የሚመረጠው 185 ወይም 190 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዘው የእጅ ክብ መጋዝ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስለሚያልፍ ለተራ ሳንቃና ለሞራሌ ይበቃል። ከቀጥተኛ ማስደገፊያ ጋር ሲሠራም ኮምፔንሳቶንና ቺፕውድን አስተካክሎ ይቆርጣል። የጠረጴዛ መጋዝ የሚያስፈልገው በየቀኑ ብዙ ሳንቃ በቁመቱ ለሚሰነጥቅ ባለሙያ ነው። ጠማማ ቅርጽ ለማውጣት ደግሞ ቀጭን ምላጭ ያለው የእጅ መጋዝ፣ ማለት ጂግሶው፣ ይበቃል።

በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ በብዛት ይሠራበታል። ይህ እንጨት በውስጡ ውጥረት ስላለው በቁመቱ ሲሰነጠቅ የተከፈተው ቦታ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ይይዛል፤ በዚያን ጊዜ መጋዙ ወይም እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ይህን አደጋ የሚከላከለው በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመው መለያ ብረት ነው። ይህ ብረት የሌለውን መኪና፣ ዋጋው ቢረክስም፣ ማስመጣት አይገባም። በእጅ መጋዝ የሚሠራ ሰውም በተሰነጠቀው ቦታ ሽብልቅ እየሰካ መቀጠል ይችላል።

ዲስኩ በጥርሱ ብዛት ይለያያል። 190 ሚሊ ሜትር ለሆነው ዲስክ እንጨትን በቁመቱ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ በአግድሙ ለመቁረጥ 40 ጥርስ፣ ልባስ ላለው ቺፕውድ ደግሞ 60 ያህል ጥርስ ይስማማል። የመሐል ቀዳዳው 16፣ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ፍጥነትም ከመኪናው ፍጥነት ማነስ የለበትም። ጥርሱ የካርባይድ ከሆነ በተራ ሞረድ ስለማይሳል የአልማዝ መሳያ እንደሚያስፈልገው ለደንበኛው ሊነገረው ይገባል።

ራውተር

ራውተር በፍጥነት በሚዞር ፑንታ የእንጨትን ጠርዝ የሚያስጌጥ፣ ቦይ የሚያወጣና መጋጠሚያ የሚቆፍር መሣሪያ ነው። 700 ዋት ያህል ያለው ትንሹ ለጠርዝ ማስተካከያና ለማጠፊያ ማስቀመጫ ይሆናል፤ በርና መስኮት ለሚሠራ ግን ከ1,200 እስከ 1,400 ዋት ያለው፣ ወደ ታች የሚጫንና ፍጥነቱ የሚለወጥ ራውተር የተሻለ ነው። ፍጥነት መለዋወጡ ግድ የሚሆነው ትልቅ ፑንታ ቀስ ብሎ መዞር ስላለበት ነው።

በራውተር ንግድ ትልቁ ስሕተት የፑንታው እግር ልክ ነው። 6 ሚሊ ሜትርና ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ እንዲሁም 12 ሚሊ ሜትርና ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ይቀራረባሉ። ነገር ግን ቀጭኑ እግር በሰፊው መያዣ ውስጥ አጥብቆ ስለማይያዝ በሥራ ላይ ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ አንድ ልክ መርጦ መኪናውንም ፑንታውንም በዚያው ልክ ቢያስመጣ ይሻላል፤ ለአካባቢያችን 8 ሚሊ ሜትር መካከለኛና ተስማሚ ነው።

ለሠራተኛው ደኅንነት

ራውተር በሳንቃ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሲሠራ ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ፣ በክፈፍ ውስጣዊ ጠርዝ ላይ ሲሠራ ግን እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይገፋል። እንጨቱም በሞርሳ ይታሰር። በሚዞር መሣሪያ አጠገብ ጓንት ማድረግ እጅን ስለሚያስጎትት አይፈቀድም። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ስለመሰከረ፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ከመጋዙ ጋር አብረው መሸጥ አለባቸው።

ለአስመጪው የሚጠቅም አስተያየት

በጉምሩክ ታሪፍ የእጅ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በ84.67፣ ቆመው የሚሠሩ የእንጨት መኪናዎች በ84.65፣ የመጋዝ ዲስኮች በ82.02፣ ፑንታዎች ደግሞ በ82.07 አንቀጽ ይመደባሉ። በአንድ ሣጥን ተቀላቅለው ቢመጡም በደረሰኙ ላይ ለየብቻቸው መዘርዘር ይገባቸዋል፤ ይህ ከሆነ ዕቃው በደረቅ ወደቡ ሲመረመር ክርክርና መዘግየት ይቀንሳል።

ከዚህም ሌላ ከእያንዳንዱ የመኪና ዓይነት ጋር የሞተር ካርቦን፣ ማብሪያ ማጥፊያና ኩሽኔታ ማዘዝ አይዘንጋ። ጥቂት ብር የሚያወጣ ካርቦን አልቆ ሥራው የቆመበት አናጢ ሌላ ጊዜ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። መኪናው አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዲስኩ፣ ፑንታውና መለዋወጫው ግን ዓመቱን በሙሉ ይሸጣል። ስለዚህ ነጋዴው የመኪናውን ዓይነት አሳንሶ መለዋወጫውን ቢያበዛ ገንዘቡ በቶሎ ይመለስለታል፤ ባለሙያውም ያለ ሥጋት ይሠራል።