ድር የማታደራዋ ሸረሪት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ስላደግን ሸረሪት ሲባል ቀድሞ የሚታየን ድሯ ነው። ዛሬ የምናወራላችሁ ግን ለአደን ድር ስለማታደራዋ፣ ዛፍና አበባ ላይ ስለምትኖረዋ ሸረሪት ነው። ሸርጣን ሸረሪት ትባላለች። ስሙን ያገኘችው እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ስለምትሄድ ነው። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሏት።

አደኗ ማድፈጥ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች እግራቸውን ዘርግተው ቅርንጫፍ ላይ ልጥፍ ይላሉ፤ አጠገባቸው ቆማችሁ እንቡጥ መስሏችሁ ታልፋላችሁ። አበባ ላይ የሚያደፍጡት ደግሞ ነጭ ወይም ቢጫ ናቸው፤ እንደ አበባው ቀለም በቀናት ውስጥ የሚለወጡም አሉ። ንብ ስታርፍ በረጃጅም የፊት እግሮቻቸው ይይዟትና ነክሰው በመርዝ ያደነዝዟታል። ውስጧን መጥጠው ቀፎዋን ይጥሉታል። ሰውን ግን አያሰጉም።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያላችሁ ንብ አናቢዎች «ታዲያ ጠላታችን ናታ!» ትሉ ይሆናል። ንብ መብላቷን አንክድም። ነገር ግን የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ሌላም ጎን ያሳያል። ያጠኑት ተክል አባጨጓሬ አበባውን ሲበላው ሽታውን ይጨምራል፤ ሽታው ንብንም ሸረሪቷንም ይጠራል። ሸረሪቷ መጥታ አባጨጓሬውን ትለቅመዋለች። አባጨጓሬ ባለበት ተክል ላይ ጥቅሟ ከጉዳቷ ይበልጣል ማለት ነው።

ድር የምታደራዋ አጥርም ጣሪያም ይበቃታል። ይቺኛዋ ግን አበባና ቅርንጫፍ ከሌለ ማደፈጫ የላትም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ነጭ አበባው ንብ የሚጠራው ዋንዛ ለጣውላ እየተቆረጠ ባህር ዛፍ ይተካል። ባህር ዛፍም ያብባል፣ ንብም ይቀስመዋል፤ ችግሩ ለአጣና በየጥቂት ዓመቱ መቆረጡ ነው። የአገሩን ዛፍ ተሰብስቦ የምናገኘው አሁን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በዚያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎ ላይ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ተምች ለይቶ አይገድልም፤ ንቧም ሸረሪቷም አብረው ይሄዳሉ።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ያበበ ቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርጉና ቅርንጫፉን በዱላ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ተመራማሪዎችም እንዲሁ ነው የሚሰበስቧቸው። ወደ ጎን የምትሮጥ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ከዚያ ወደ ዛፏ መልሷት።