ስሙ ሰማያዊ፣ መልኩ ብርማ

አርባና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሥራና ቤተ ሰብ ያላቸው አሜሪካውያን ስለ አንድ አሻንጉሊት ቀለም ሲሟገቱ ማምሸታቸው ለሰሚው እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄው ይህ ነው፤ ብሉስትሪክ የሚባለው ሮቦት ሰማያዊ ነበር ወይስ ብርማ? አንደኛው ወገን ሣጥኑን ምስክር አድርጎ ያቀርባል፤ በሣጥኑ ላይ የተሣለው ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው ወገን ከሣጥኑ የወጣውን አሻንጉሊት ያሳያል፤ እርሱ ደግሞ ብርማ ነው። ሦስተኛው ወገን ሰማያዊውን በልጅነቱ በገዛ እጁ ይዞ እንደ ተጫወተ ይምላል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1984 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ታካራ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ወደ መኪናና ወደ ሌላም መሣሪያ የሚለወጡ ሮቦቶችን ወስዶ «ትራንስፎርመርስ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጃፓን «ዳያክሎን» እየተባሉ ይሸጡ ነበር። በዚያም ሕያዋን ፍጥረታት ሳይሆኑ፣ ትንንሽ ሰዎች ገብተው የሚነዷቸው መሣሪያዎች ነበሩ። ሀስብሮ ግን ነፍስ ያላቸው፣ የሚያስቡና የሚናገሩ፣ ሳይበርትሮን ከሚባል ሩቅ ዓለም የመጡ እንዲሆኑ ፈለገ።

ስለዚህ ማርቭል የተባለውን የሥዕል መጽሔት አሳታሚ ታሪክ እንዲያበጅለት ጠየቀ። በማርቭል አዘጋጅ የነበረው ቦብ ቡዲያንስኪ የአብዛኞቹን ስምና ጠባይ በአጭር ጊዜ ጽፎ አስረከበ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሣጥኑን ሲሥል፣ ሌላው መጽሔቱን ሲጽፍ፣ ሌላው ለቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ሲያዘጋጅ፣ ሁሉም በየፊናው ሮጠ።

በቢሮ የሚሠራ ሰው ከዚህ የሚከተለውን ለመገመት አይቸገርም። የአንድ ሰው መዝገብ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ሲጻፍ፣ በአንዱ ዕድሜው ሃያ አምስት፣ በሁለተኛው ሃያ ስምንት ሆኖ፣ በሦስተኛው ደግሞ የአያቱ ስም ተለውጦ ይገኛል። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው ግን ላይኖር ይችላል፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ በፊቱ ያገኘውን ወረቀት ገልብጧል።

የብሉስትሪክም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የሣጥኑ ሥዕል የተከተለው በጃፓን የነበረውን ሰማያዊ ዓይነት ሲሆን፣ ፋብሪካው ለአሜሪካ ልጆች የላከው ብርማውን ነው። ስሙስ ቢሉ፣ ስሙም ቢሆን ክርክሩን አይቈርጠውም። በእንግሊዝኛ ያለ ዕረፍት የሚለፈልፍ ሰው «ሰማያዊ ጭረት ያወራል» ይባላል፤ ቡዲያንስኪ የጻፈለት ጠባይም የለፍላፊ ጠባይ ነው። እንግዲህ ሰማያዊው ምላሱ እንጂ ቀለሙ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ኋላም ኩባንያው ራሱ «ሲልቨርስትሪክ» የሚል ስም፣ ማለትም ብርማ ጭረት ብሎ ሸጦታል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ የአይረንሃይድም ነገር ያስገርማል። በካርቱን ፊልሙ ፊት ያለው፣ ቍጡና ጐበዝ ሽማግሌ ነው። አሻንጉሊቱን የገዛ ልጅ ግን ሣጥኑን ሲከፍት እንደ ሌሎቹ ዓይነት ጭንቅላት አያገኝለትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጃፓን ሳለ በዚያ ስፍራ የነበረው የነጂው መቀመጫ ነው። ሾክዌቭ የሚባለው ደግሞ በፊልሙ ለአለቃው ለሜጋትሮን ታማኝ ዘበኛ ሲሆን፣ በመጽሔቱ ያንኑ አለቃ ከሥልጣን አውርዶ በቦታው ይቀመጣል። አንዱን ብቻ ያየ ልጅና ሌላውን ብቻ ያነበበ ልጅ በትምህርት ቤት ተገናኝተው ስለ ሾክዌቭ ቢነጋገሩ፣ ስለ ሁለት ሰዎች እንደ መነጋገር ነው።

በአንዱ ፊልም ውስጥ እንኳ ስምምነት የለም። ኮንስትራክቲኮን የሚባሉት ስድስት የግንባታ መሣሪያዎች በ1984 በታየው ክፍል በዚህ በምድራችን ዋሻ ውስጥ የተሠሩ ናቸው ተባለ። በ1985 ደግሞ አስቀድሞ በሳይበርትሮን የነበሩ ደጋግ ሠራተኞች ሆነው፣ ሜጋትሮን በግድ አእምሯቸውን ለውጦ ከፉ አደረጋቸው ተባለ። በ1986 በታየው ክፍል ግን ሜጋትሮንን ራሱን ሲሠሩት ታዩ! ልጅ አባቱን ወለደ እንደ ማለት ነው።

ወዳጆቻቸው ይህን አይተው ፊልሙን አልጣሉም፤ ማስታረቂያ ፈለጉ እንጂ። አስቀድመው ሜጋትሮንን ሠሩት፤ እርሱም ኋላ አእምሯቸውን ለወጠ፤ በምድር «ተሠሩ» የተባለውም አዲስ አካል መልበሳቸውን ለማመልከት ነው ይላሉ። ይህ የሚቃወሙ ቃላትን አስማምቶ የመተርጐም ጥበብ በእኛ አገር ለሚያውቁት ሰዎች አዲስ አይደለም። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ተርጕመው «አንድም» በማለት ሌላውን ፍቺ ሲጨምሩ፣ የፊተኛውን አይሰርዙትም። ጉዳዩ በክብደት ባይመሳሰልም፣ አእምሮን የሚያሠራበት መንገድ ይቀራረባል።

በእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ሥር ግን ከቀለም የሚበልጥ ነገር አለ። በ1986 በሲኒማ በታየው ፊልም የደጎቹ አለቃ ኦፕቲመስ ፕራይም ከሜጋትሮን ጋር ተዋግቶ በደረሰበት ቍስል ሞተ። የሞተበት እውነተኛ ምክንያት ኩባንያው የፊተኞቹን አሻንጉሊቶች አሰናብቶ አዲሶቹን ለማስገባት መፈለጉ ነበር። ሕፃናት በሲኒማ ቤት አለቀሱ፤ ቅሬታ የያዙ ደብዳቤዎች መጡ። በ1987 ኦፕቲመስ በቴሌቪዥን ከሞት ተነሣ። የዚያው ኩባንያ በሆነው በጂ. አይ. ጆ ፊልምም ሊሞት የነበረው ዱክ የተባለው ወታደር፣ በዚሁ ምክንያት ራሱን ስቶ እንደ ወደቀ እንጂ እንዳልሞተ ተነገረ።

በሥዕል መጽሔቱ ግን የኦፕቲመስ ሞት ሌላ ነው። እዚያ ከጠላቱ ጋር በኮምፒዩተር ጨዋታ ተወራርዶ አሸነፈ፤ ነገር ግን ለማሸነፍ ሲል በጨዋታው ውስጥ ያሉ ንጹሓንን ስለ ሠዋ ተሸንፌያለሁ ብሎ፣ በውሉ መሠረት እንዲያጠፉት ራሱን አሳልፎ ሰጠ። በአንዱ በጦርነት የወደቀ ጀግና ነው፤ በሌላው ቃሉን ለመጠበቅ የሞተ ሰው ነው። «እውነተኛው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ልጁ የወደደው ሰው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሻጩ መልስ አይበቃም። ሻጩ ቀለሙን እንደ ገበያው ይለውጣል፤ የሞተውን ያስነሣል፤ ስሙን ያድሳል። ታሪኩን በልቡ ጠብቆ ያቆየው አንባቢው ነው። በ1994 በአሜሪካ የኢንዲያና ክፍለ ሀገር በፎርት ዌይን ከተማ «ቦትኮን» የተባለ ስብሰባ የጀመሩትም እንደዚህ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ብልሆቹ ተከራካሪዎች በጊዜ ብዛት አንድ ልማድ አበጅተዋል። ማስረጃ ሲቀርብላቸው፣ ይህ መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? የሠራው ሰው በፊቱ ምን ነበረው? ለምንስ ዓላማ ሠራው? ብለው ይጠይቃሉ። የሣጥን ሥዕል ስለ ሣጥኑ ይመሰክራል፤ በውስጡ ስላለው ነገር ግን ሁልጊዜ አይመሰክርም። የሰው ትዝታም፣ ባለቤቱ ሳይዋሽ፣ በሣጥኑ ላይ ያየውን ሰማያዊ በእጁ ከያዘው ብርማ ጋር ሊያደባልቅ ይችላል።

ይህ ልማድ ለታሪክ ተማሪም፣ ሁለት የማይስማሙ ደብዳቤዎች በአንድ ፋይል ታስረው ጠረጴዛው ላይ ለሚያገኝ ወጣት ጸሐፊም ይጠቅማል። የሚቸኵል ሰው አንዱን ቀዶ ይጥላል። አስተዋይ ሰው ግን ሁለቱንም ጐን ለጐን አስቀምጦ፣ መጀመሪያ ቀናቸውን ያነባል።