በከባቢ አየር ግፊት የሚደርቅ ሲሊካ ኤሮጄል

ሲሊካ ኤሮጄል በውስጡ የነበረው ፈሳሽ በአየር ተተክቶ የሲሊካ መረቡ ሳይፈርስ የቀረ እጅግ ቀላል ጠጣር ነው። ከይዘቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው፤ የቀዳዳዎቹ ስፋትም በአብዛኛው ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ነው። የአየር ሞለኪውሎች ሳይጋጩ በአማካይ 70 ናኖሜትር ያህል ስለሚጓዙ፣ በእነዚህ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ሙቀትን እርስ በርስ መቀባበል ያዳግታቸዋል። ስለዚህ ጥሩ ኤሮጄል ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከቆመ አየር እንኳ ባነሰ መጠን ነው።

የማድረቅ ችግር

ጄል ማለት ጠጣር መረብ ፈሳሽ ይዞ የረጋበት ነገር ነው። እርጎ ቅርብ ምሳሌ ነው፤ የወተቱ ፕሮቲን መረብ ሠርቶ አጓቱን ይይዛል። ሲሊካን ማርጋት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ማድረቁ ነው። ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እንደሚኮማተርና እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ ጄልም ፈሳሹ ሲተን ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ራዲየሱ 10 ናኖሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ የሚፈጥረው የካፒላሪ ግፊት 14 ሜጋፓስካል ያህል ነው፤ ይህም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 140 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስትለር እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ሥራ ችግሩን ያለፈው ፈሳሹ እንዲተን ባለማድረግ ነው። ጄሉን በዝግ የብረት ጋን ውስጥ ከፈሳሹ ወሳኝ ነጥብ በላይ ሲያሞቀው፣ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል፤ የሚስብ ገጽም አይኖርም። ለሜታኖል ይህ 240 ዲግሪ ሴልሺየስና 80 ባር ገደማ ይጠይቃል። አደጋው ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊድን በአንድ ማምረቻ ሜታኖል ሾልኮ ፈንድቷል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማድረቅ በ31 ዲግሪ ስለሚቻል የእሳቱን ስጋት ይቀንሳል፤ ከፍተኛ ግፊት የሚችለው ውድ ጋን ግን አይቀርም።

ያለ ግፊት ጋን

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዴሽፓንዴ፣ ስሚዝና ብሪንከር ሌላ መንገድ አሳዩ። በሲሊካው ገጽ ላይ ሃይድሮክሲል የሚባሉ ቡድኖች አሉ። ጄሉ ሲኮማተር ፊት ለፊት ያሉት ግድግዳዎች ሲነካኩ እነዚህ ቡድኖች ይጣመሩና ግድግዳዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቡድኖቹ አስቀድመው በሜታይል ቡድኖች ከተተኩ ግን የሚጣመር ነገር የለም፤ ጄሉ ይኮማተርና ፈሳሹ ሲያልቅ እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነፋል።

ሥራው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሶዲየም ሲሊኬት፣ ማለትም ከውሃ ብርጭቆ ነው። ሶዲየሙ በአዮን መለዋወጫ ሬዚን ከወጣ በኋላ ጥቂት አሞንያ ሲጨመርበት ይረጋል። ለሰዓታት ሲቆይ ሲሊካው በቅንጣቶቹ መገናኛ ላይ እየተደረበ መረቡን ያጠነክራል። ከዚያ ውሃው በአልኮል፣ አልኮሉ በሄክሴን ይተካል። ትዕግሥት የሚፈትነው ይህ ነው፤ የጄሉ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ሜታይሉን የሚሰጠው ትራይሜታይልክሎሮሲሌን ከውሃ ጋር በኃይል ስለሚዋሃድና ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በጭስ መሳቢያ ሥር ብቻ ይሠራበታል። ሄክሴንም ተቀጣጣይና ነርቭን የሚጎዳ ነው። «ያለ ግፊት» ማለት «ያለ አደጋ» ማለት አይደለም።

ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

የከባቢ አየር ግፊት በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ጣርማ በር 70 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ቁልቁል ወርደው በሚያገኙት የይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት፣ 87 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በባሕር ጠለል በ69 ዲግሪ የሚፈላው ሄክሴን በሸዋ ሮቢት በ64፣ በጣርማ በር ደግሞ በ57 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ የምድጃው ሙቀት ዝግ ብሎ መጨመር አለበት፤ ፈሳሹ በውስጡ ከፈላ ጄሉን ይሰነጥቀዋል። ጄሉን የሚጨመድደው ግፊት ግን ከዚህ ልዩነት ጋር አይወዳደርም። በ10 ናኖሜትር ቀዳዳ ውስጥ የሄክሴን የካፒላሪ ግፊት 3,600 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት 17 ብቻ ነው። ወሳኙ የገጹ ኬሚስትሪ ነው።

ምርመራ

የመጀመሪያው ምርመራ ሚዛንና ማስመሪያ ይበቃዋል። የጠጣሩ ሲሊካ እፍጋት በኩብ ሴንቲሜትር 2.2 ግራም ስለሆነ፣ እፍጋቱ 0.1 ግራም የሆነ ኤሮጄል 95 በመቶ ያህሉ ባዶ ነው። ጠብታ ውሃ በላዩ ላይ ተንከባሎ ከወረደ ሜታይሉ ይዟል። በኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒም የሜታይሉ ምልክት በ1,260 አካባቢ ይታያል። በአየር ውስጥ እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሜታይሉ ተቃጥሎ ኤሮጄሉ ውሃ መምጠጥ ይጀምራል። የገጽ ስፋቱ በናይትሮጅን ሲለካ በግራም ከ500 እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ሆኖም ይህ ልኬት ሰፋፊዎቹን ቀዳዳዎች ስለማይቆጥር ከእፍጋቱ ስሌት ጋር መመሳከር አለበት።

ጥሬ ዕቃ በኢትዮጵያ

የሣር ዘር የሆኑ ሰብሎች ሲሊካን ከአፈር ወስደው በአገዳቸውና በገለባቸው ያከማቻሉ፤ የይፋት ቆላ ማሽላና ጤፍም ከእነዚሁ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው የሩዝ ገለፈት ነው፤ በደንብ ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ በስፋት ይመረታል። የስኳር ፋብሪካዎች ባጋስ አቃጥለው የሚያወጡት አመድና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የሚገኘው ዲያቶማይትም ሌሎች ምንጮች ናቸው። አመዱ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ የውሃ ብርጭቆ ይሆናል። አሟሚዎቹና ሜታይል የሚሰጠው ኬሚካል ግን ከአመዱ አይገኙም፤ የምርቱን ዋጋ የሚወስኑትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።