ከጥናቱ ጭራ ያለችው ዝርዝር

የጥናት ወረቀት ለጆርናል ሲዘጋጅ ሰው ለርእሱ ይጨነቃል፣ ለአብስትራክቱ ይጨነቃል፣ ለሰንጠረዡ ይጨነቃል። ለዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር የሚጨነቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ወረቀቱ ሊላክ ሲል፣ በእኩለ ሌሊት፣ እንቅልፍ በተጫጫነው እጅ ተለጥፋ የምትሄድ ምስኪን ገጽ ናት። እኔ ደግሞ ወረቀት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው እሷኑ ነው። ጸሐፊው ምን እንዳነበበና ያነበበውን ምን ያህል እንዳከበረ ከእሷ በላይ የሚናገር ገጽ የለም።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። የጆርናሉን መመሪያ አንብቡ፤ የቃላት ገደቡን አክብሩ። ጥናቱ በሰው ላይ የተሠራ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ይጠቀስ። አንድን ወረቀት በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ነውር ነው። ጥናቱን ያልነካ የመምሪያ ኃላፊን በደራሲነት መሰግሰግም እንዲሁ፤ ውለታ ካለበት የምስጋና አንቀጽ የተፈጠረው ለዚያ ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ደግሞ በሦስት ቀን ማን ገምግሞት እንደሚታተም ጠይቁና አጥፉት።

አሁን ወደ ዝርዝሯ። ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከስማችን ነው። አብዛኞቹ የውጭ ጆርናሎች ደራሲን የሚደረድሩት በቤተሰብ ስም ነው። እኛ በልማዳችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ይመጣል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የጠቀሰ ተማሪ ነገሩን ለሶፍትዌር ሲተወው «ዓለማየሁ፣ ሐ. 1958» የሚል መስመር ይወጣለታል። ዓለማየሁ የሐዲስ አባት ናቸው፤ ልብ ወለዱን የጻፉት እሳቸው አይደሉም። ዓመቱም ሌላ ወጥመድ ነው። 1958 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» የሚለው ሲወድቅ የውጭ አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ያነበውና መጽሐፉን ከመታተሙ በፊት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። በአንዲት መስመር ደራሲውም ዘመኑም ጠፉ። «ሐዲስ ዓለማየሁ፣ 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965/66)» ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

«ይሄ እኮ የፎርማት ጉዳይ ነው፣ አርታኢው ያስተካክለዋል» የሚሉኝ አሉ። በዚህ ነገር ትዕግሥት የለኝም። የፎርማት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሰረዝና ነጥብ ላይ ያበቃ ነበር። የታደሰ ታምራትን ሥራ ውሰዱ። በኢትዮጵያ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክስፎርድ የታተመው ታላቅ መጽሐፋቸው በአንዱ ጥናት ጀርባ «ታደሰ» ሥር፣ በሌላው «ታምራት» ሥር ይገኛል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ የዘርፉ ሰው ነው፤ ጥቅሶችን የሚቆጥረው ማሽን ግን በምን ይወቅ? ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም ያለው ተመራማሪማ ባሰበት፤ አንዱ ጆርናል በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ያስገባውና ከአንድ ሰው ሁለት ይወጣል። በተቃራኒው ስማቸው በአንድ ፊደል የሚጀምር ወንድምና እኅት አንድ ሰው ይሆናሉ። ኃይለ ማርያምን ለሁለት ሰንጥቆ «ማርያም፣ ኃ.» ብሎ የሚያስገባም አጋጥሞኛል፤ እመቤታችንን ተመራማሪ ማድረጉ ነው።

አንዲት ወጣት ተመራማሪ ረቂቋን አሳይታኝ ዝርዝሩ በሙሉ እንዲህ ተገልብጦ አገኘሁት። «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም እኮ፣ ዞቴሮ ነው» አለችኝ። ዋቢ የሚደረድረው ሶፍትዌር ዞቴሮ ምን ያድርግ? የደራሲ ስም የሚሞላው በሁለት ሳጥን ነው፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ ሌላው ለራስ ስም። ከሳጥኖቹ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኗት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ በሙሉ ከገባ ሶፍትዌሩ የሚገለብጠው አያገኝም። ኤንድኖት ለሚጠቀሙ ደግሞ ከሙሉ ስሙ መጨረሻ ኮማ ማስቀመጥ ያንኑ ይሠራል። ልጅቷ አንዱን አስተካክላ ሌላውን ስትቀጥል ዝርዝሯ በፊደል ተራ እየተንሸራተተ ቦታ ሲይዝ አብረን አየን። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የእኛን ስም ሳይገለብጡ መጥቀስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሌላ ዘርፍ ያለ ጆርናል አሻፈረኝ ካለ በመሸኛ ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አይከፋም።

የራሳችሁንስ ስም? የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የመረጣችሁትን የላቲን አጻጻፍ አትለውጡት። ፀሐይ የምትባል ተመራማሪ ስሟን ዛሬ በዋይ፣ ነገ በአይ ከጨረሰችው ሥራዋን ራሷ በተነችው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያለው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ለዚህ መድኃኒት ነው። አሥራ ስድስት አኃዝ ነው፣ በነፃ ይወጣል፣ ስም ቢገለበጥም ቁጥሩ አይገለበጥም። ወረቀት ሳይልኩ በፊት ማውጣት ነው።

ወረቀቱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላም አታርፉ። ከኅትመት በፊት የወረቀቱ የመጨረሻ ቅጂ ለእርማት ይላክላችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል የደራሲዎቹ የራስና የቤተሰብ ስም በትክክል መለየቱን አረጋግጡ የሚል አይጠፋም። ሰው ደስታው ላይ ስለሆነ «አዎ» ብሎ ያልፋታል። እሷን ጥያቄ በየስሙ እየሄዳችሁ መልሱ፤ ከታተመ በኋላ ማስለወጥ ሌላ ደጅ ጥናት ነው።