ፊትን ስለ መታጠብ

ሰው ከመኝታው በተነሣ ጊዜ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። አንዱ ልጅ ጥጃ ይፈታል፤ አንዲቱ እሳት ታያይዛለች፤ ሌላው ቈሎውን በኪሱ ጨምሮ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። ከዚህ ኹሉ በፊት ግን ሊሠራ የሚገባው፣ ጊዜም የማይፈጅ አንድ ትንሽ ሥራ አለ፤ ይኸውም ፊትን በውሃ መታጠብ ነው። ትንሽ ስለ ኾነ ብዙዎች ይንቁታል። በኢትዮጵያ ገጠር ግን የብዙ ሰው ዓይን ከዚህ ትንሽ ሥራ ጋራ የተያያዘ ነውና ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባል።

ልጅ ተኝቶ ባደረበት ሌሊት ከዓይኑ ዓይናር፣ ከአፍንጫውም ንፍጥ ይወጣል። ይህ በጤነኛውም ልጅ ላይ የሚኾን ነገር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ልጁ ሳይታጠብ ወደ ደጅ የወጣ እንደ ኾነ ዝንብ ይሰበሰብበታል፤ ዝንብ እርጥብ ነገር ፈላጊ ነውና። ዝንቡ ካንዱ ልጅ ዓይን ተነሥቶ በሌላው ልጅ ዓይን ላይ ያርፋል። በመዠመሪያው ልጅ ዓይን ውስጥ ሕመም ያለ እንደ ኾነ ዝንቡ በእግሩና በአፉ ይዞ ለኹለተኛው ያደርስለታል። ማንም ያልላከው መልእክተኛ ይህ ነው።

ኀጢአቱን ኹሉ በዝንብ ላይ መጫን ግን እውነት አይደለም። የታመመው ልጅ ዓይኑን በእጁ ያሽና በዚያው እጅ የታናሽ ወንድሙን ፊት ይዳስሳል። እናት በነጠላዋ ጫፍ ያንዱን ልጅ ዓይን ትጠርግና በዚያው ጫፍ የሌላውን ትጠርጋለች፤ ይህን የምታደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ሕመሙ ግን ፍቅርንም መንገድ አድርጎ ይሄዳል። ሦስት አራት ልጆች ባንድ ጋቢ ፊት ለፊት ተጠጋግተው ሲያድሩም እንዲሁ ካንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ይህን ሕመም ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል፤ በአገር ቤት የዓይን ማዝ የሚሉት አሉ። የሚያመጣው ያለ መሣሪያ የማትታይ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለች ረቂቅ ተሕዋስ ናት። ተሕዋሲቱ በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ትቀመጣለች፤ በዚያም ጥቃቅን ነጫጭ እብጠት ይወጣል። ልጁ ምናልባት ዓይኑ ይቀላ፣ ይቈረቍረውም ይኾናል እንጂ ብዙ ጊዜ ታመምኹ ብሎ አይተኛም። ይጫወታል፤ ይበላል፤ ከብት ይጠብቃል። ስለዚህም ማንም አያስብለትም።

ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞት ቢተወው ኖሮ ጕዳቱ እምብዛም ባልኾነ ነበር። ነገር ግን በልጅነቱ ዘመን ደጋግሞ ሲይዘው የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይቈስላል፤ ይድናል፤ እንደ ገና ይቈስላል። በቍስሉም ፈንታ ጠባሳ ይኾናል። እርጥብ ቆዳ በፀሐይ ሲደርቅ እንደሚጨማተር ጠባሳውም እየተጨማተረ የዓይኑን ቆብ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ዓይንን ከአቧራ ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቍጥር የገዛ ጠጕሩ ዓይኑን ይፍቀዋል። እንደ መስተዋት የጠራው የዓይን ፊት በመፋቅ ብዛት እየደፈረሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ነጭ ይኾናል። አንድ ጊዜ ነጭ ከኾነ በኋላ ሽፋሽፍቱን ቢያቀኑትም የጠፋው ብርሃን አይመለስም።

በዚህ ሕመም ላይ ሰውን የሚያታልለው የጊዜው ርዝመት ነው። እሾኽ የወጋው ልጅ ወዲያው ያለቅሳል፤ ኹለተኛም ያን መንገድ አይረግጥም። የዓይን ማዝ ግን በአምስት ዓመቱ የያዘውን ልጅ የሚያስለቅሰው በሠላሳ ወይም በዐርባ ዓመቱ ነው፤ ልጁም በዚያን ጊዜ ከየት እንደ መጣበት አያውቅም። ከወንዶች ይልቅ የሚጐዱት ሴቶች ናቸው፤ በዚህ ሕመም የሚታወሩት ሴቶች እስከ አራት እጥፍ የሚደርሱበት አገር አለ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሕፃን የምታዝል፣ ሕፃን የምታጥብ፣ ከሕፃን ጋራ የምትተኛ ሴት ናት፤ ስለዚህ ሕመሙ በልጅነቷ ከታናናሾቿ፣ ካደገችም በኋላ ከልጆቿ ይመለስባታል።

በብዙ መንደር አሮጊቶች ከመቀነታቸው ጫፍ ወረንጦ አስረው ይታያሉ። ይህ ጌጥ አይደለም፤ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት መንቀያ ነው። እማማ ራሳቸው ስለማያዩ ዓይኑ የጠራ የልጅ ልጅ ተጠርቶ ጠጕሩን ባንድ ባንድ እየያዘ ይነቅልላቸዋል። ለጥቂት ቀን ይሻላቸዋል። ጠጕሩ ተመልሶ ሲበቅል ግን አጭርና ጠንካራ ኾኖ ስለሚወጣ እንደ ገብስ ጭገር ይወጋል። ጭስ ባለበት ቤት እንጀራ መጋገር፣ በፀሐይ ወደ ገበያ መሄድ መከራ ይኾንባቸዋል። ዓይናቸው ፈጽሞ በጠፋ ጊዜም እጃቸውን ይዞ የሚመራ ልጅ ያስፈልጋል፤ ያ ልጅ፣ ይልቁንም ያች ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ባንዲት ሴት ዓይን የኹለት ሰው ዕድሜ የሚታሰረው እንዲህ ነው።

ሕመሙ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። የግብጽ ሐኪሞች ከ3500 ዓመት በፊት በፓፒሩስ ላይ በጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍ በዓይን ውስጥ ስለሚበቅል ጠጕር ተናግረዋል። ናፖሊዎን በ1798 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ ግብጽ ከዘመተ በኋላ ወታደሮች፣ ፈረንሳዮቹም እንግሊዞቹም፣ ዓይናቸውን ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአውሮፓም ሕመሙ እጅግ በረታ። በለንደን ከተማ በ1805 የዓይን ሐኪም ቤት የተከፈተው በዚሁ ዘመን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በኒው ዮርክ ወደብ ባለችው በኤሊስ ደሴት የአሜሪካ ሐኪሞች ከመርከብ የሚወርደውን ስደተኛ የዓይኑን ቆብ በጫማ ቍልፍ መሳቢያ ሜንጦ እየገለበጡ ይመረምሩት ነበር። ሕመሙ የተገኘበትን ሰው፣ ቤት ንብረቱን ሸጦ የመጣ እንኳ ቢኾን፣ ወደ መጣበት ይመልሱት ነበር።

ዛሬ በነዚያ አገሮች የዓይን ማዝ የለም ማለት ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ከአብዛኛው የአውሮፓ ምድር ሕመሙ እየቀነሰ የሄደው ፍቱን መድኃኒት ከመገኘቱ አስቀድሞ መኾኑ ነው። ውሃ ወደየቤቱ በቀረበ ጊዜ፣ ልብስ ቶሎ ቶሎ በታጠበ ጊዜ፣ መጸዳጃ ቤት በተሠራና ባንድ ክፍል የሚተኛው ሰው ባነሰ ጊዜ እየራቀ ሄደ። ድኻው ግን ዛሬም ከዚህ ሕመም ጋራ ይኖራል፤ በኢትዮጵያም የተያዘው ሕዝብ ቍጥር ከየትኛውም አገር የበለጠ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ሕመሙን የሚከላከሉ አራት ሥራዎች ባንድነት እንዲሠሩ ወሰነ። የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት አንዱ ነው፤ ይህን የተማሩ ነርሶች በጤና ጣቢያ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ባጭር ጊዜ ይሠሩታል። ኹለተኛው መድኃኒት ነው። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ለመንደሩ ሰው ኹሉ፣ ለታመመውም ላልታመመውም ይታደላል፤ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከ1998 ጀምሮ ያለ ዋጋ ሰጥቶታል። ልጆች መድኃኒቱን ሲቀበሉ ምልክት በተደረገበት ዘንግ አጠገብ ይቆማሉ፤ መጠኑ የሚታወቀው በቁመታቸው ነውና። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የዓይን ቅባት ይሰጠዋል። የቀሩት ኹለቱ ሥራዎች ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ናቸው፤ እነዚህን የሚሠራ ሐኪም ሳይኾን ባለቤቱ ራሱ ነው።

አካባቢን ማጽዳት ማለት ከኹሉ ይልቅ መጸዳጃ ቤት መሥራትና በዚያም መጠቀም ነው። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ እንቍላሉን ለመጣል የሚመርጠው በሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ከጕድጓድ ከገባ ግን ያ ዝንብ እምብዛም አይራባበትም። ስለዚህ በቍጥቋጦ ሥር የተቀመጠ ልጅ ለነገው ዝንብ ድግስ ደግሷል። የሚጠራረጉበትን ጨርቅና ነጠላውንም ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሳሙና የጠፋ እንደ ኾነ እንዶድ ለልብስ መልካም ነው። እንዶድ ከልብስ ሌላ ጥቅም እንዳለው ደግሞ ታውቋል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወራጅ ውሃ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝቷል፤ የቢልሃርዚያን ሕመም የሚያራቡ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ በዓለም ተሰማ። ዓይንን በእንዶድ መታጠብ ግን አይገባም፤ ያቃጥላልና።

ፊት መታጠብ ብቻውን ኹሉን ይፈውሳል የሚል ሰው ይሳሳታል። በታንዛኒያ በኮንግዋ አገር መድኃኒት ከታደለ በኋላ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ያጥቡ ዘንድ ብርቱ ትምህርት በተሰጠባቸው መንደሮች ጽኑው ሕመም ከሌሎቹ መንደሮች ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። በዋግ ኽምራ ግን ያለ መድኃኒት ውሃ በማቅረብና ንጽሕናን በማስተማር ብቻ ለጥቂት ዓመታት ቢሠራ ተሕዋሲቱ አልቀነሰችም። በአማራ ክልል ደግሞ መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ታድሎ ሕመሙ ያልለቀቀው ወረዳ አለ። እንግዲህ በሬ ያለ ጥማዱ እንደማያርስ መድኃኒቱም ያለ ንጽሕናው፣ ንጽሕናውም ያለ መድኃኒቱ አይበቃም።

አኹን ስለ መታጠቡ ሥርዓት መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ውሃ የለም ይላል። በበጋ ጊዜ ምንጩ ሲርቅ፣ እናትም እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ ውሃ ውድ መኾኑ እውነት ነው፤ በዚህ ላይ የሚፈርድ ሰው አንድ ቀን እንስራውን ተሸክሞ ይፈተን። ነገር ግን ፊት ለመታጠብ እንስራ አይፈስስም። ከጣሳ በቀስታ እየፈሰሰ በእጅ የሚያዝ ጥቂት ውሃ ይበቃል። ብልኅ ቤተ ሰብ ቅል ወይም ትንሽ ጀሪካን በታችኛው ጎኑ በችንካር ይበሳውና ቀዳዳውን በስንጥር ወትፎ ከደጁ ካለው እንጨት ላይ ያንጠለጥለዋል። ስንጥሩ ሲነቀል ውሃው እንደ ክር ይወርዳል፤ እጅና ፊት ከታጠቡ በኋላ ይወተፋል። ባንድ ሳፋ ውስጥ ተራ በተራ መታጠብ ግን መልካም አይደለም፤ የመዠመሪያው ልጅ ዓይናር ለኋለኛው ይቀራልና።

መዠመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን፣ ከዓይን ቀጥሎ አፍንጫ። ዓይናሩ ደርቆ የተጣበቀ እንደ ኾነ በጥፍር አይላጥም፤ በውሃ ይርሳል። የሚጠራረጉበት ጨርቅ ለየራስ መኾን አለበት፤ ከሌለ ፊትን ነፋስ ያድርቀው። በመንገድ ምች ይመታናል ብለው መታጠብ የሚፈሩ አሉ፤ ጥቂት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ውሃው እስኪደርቅ በጥላ መቆየት ፍርሃታቸውን ያቀልላቸዋል።

ልማድ የሚጸናው በብርቱ መሐላ ሳይኾን አስቀድሞ ካለ ሥራ ጋራ በመታሰር ነው። ዛሬ ለመታጠብ የማለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይረሳል። ነገር ግን ጥጃ ከመፍታቱ በፊት፣ ወይም ቁርሱን ከመቍረሱ በፊት መታጠብን የለመደ ልጅ ጥጃውንና ቁርሱን ስለማይረሳ መታጠቡንም አይረሳም። ታናሽ ያላት ልጅ የራሷን ፊት ስትታጠብ የታናሿንም ብታጥብ ለራሷ የበለጠ ትጠቀማለች፤ የራሷ ፊት ንጹሕ ኾኖ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የታመመ እንደ ኾነ ሕመሙ ወደ እርሷ ይመለሳልና። በትምህርት ቤት ያልታጠበውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አቁሞ ማሳፈር የሚወድ አለ። ይህ ከንቱ ሥራ ነው። ልጁ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ይቀራል እንጂ አይታጠብም። ከደጁ ላይ ውሃ አስቀምጦ ከኹሉ ጋራ እንዲታጠብ ማድረግ ይሻላል።

የጤና ሠራተኞች ወደ መንደር መጥተው የልጆችን ዓይን ሲመረምሩ የላይኛውን ቆብ በጣታቸው ይገለብጡታል፤ ይህ አያምም፤ ጥቂት ይቈረቍራል እንጂ። ነጫጩ እብጠት አምስት ወይም ከዚያ በላይ የኾነበት ልጅ ሕመሙ አለበት ተብሎ ይጻፋል። በወረዳው ካሉት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከኾናቸው ልጆች ከመቶው አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ ሕመሙ ካለባቸው መድኃኒቱ ለሕዝቡ መታደል ይገባዋል፤ ከአምስት ያነሱ እንደ ኾነ እደላው ይቆማል፤ እንደ ገናም ይመረመራል። ኦማን በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 የዓይን ማዝ የሕዝብ ደዌ መኾኑ በአገራቸው እንደ ቀረ ተመስክሮላቸዋል። ለዚህ ምስክርነት በልጆች ላይ የሚፈለገው ቍጥርም ይኸው ነው፤ ከመቶ ልጆች ከአምስት ያነሱ።